ጥቂት ስለሚሻው ፍጡር

የሥነ ፍጥረት መምህራን በዕለተ ማክሰኞ ከምድር የበቀሉትን ፍጥረታት በሦስት ወገን ከፍለው ሲያስተምሩ፣ በእጅ የሚለቀሙትን አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱትን አዝርዕት፣ በምሳር የሚቈረጡትን ዕፅዋት ይሏቸዋል፤ ይህም ፍጥረቱን ከሰው እጅና ከሰው መሣሪያ ጋራ አዛምዶ የሚያሳይ፣ ለገበሬውም ለተማሪውም እኩል የሚገባ፣ እጅግ ያማረ አከፋፈል ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በከተማ ቤቶች፣ ከዚያም ይልቅ የቤቱ ሰው ገላውን በሚታጠብባት ጠባብ ክፍል፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ወይም በእጅ መታጠቢያው ጥግ ተቀምጦ የሚኖረውን ተክል ከነዚህ ከሦስቱ ወገኖች ከየትኛው እንቈጥረዋለን? ፍሬው አይለቀምም፤ ዛላው አይታጨድም፤ ግንዱም ለማገር ወይም ለማገዶ አይቈረጥም። እጅም ማጭድም ምሳርም የማይፈልጉትን ይህን ፍጡር ከበቀለበት ምድር አውጥተን በቤታችን ስናኖረው በምን መብት እናኖረዋለን? ካኖርነውስ በኋላ ምን ዕዳ አለብን? ጥያቄው ለብዙ ሰው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለሰው ልጅ በፍጥረት ላይ የተሰጠው ሥልጣን ምን ዓይነት ሥልጣን እንደ ሆነ ለመመርመር ግን ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላገኘሁም፤ ከሚጠበቀው ፍጡር አንዳች ጥቅም በማይጠበቅበት ቦታ የጠባቂነት መልክ ከሌላው ነገር ሁሉ ተለይቶ ይታያልና።

አስቀድሞ ግን ተክሎቹን ራሳቸውን ማወቅ ይገባል፤ ባሕርዩን ለማያውቁት ፍጡር በጎ አደርጋለሁ ማለት ብዙ ጊዜ መጉዳት ነው። በአዲስ አበባ በየመንገዱና በየወንዙ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች «ይህ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም፣ ጥላም ይችላል» እያሉ ከሚሸጧቸው መካከል፣ ወፍራም ቅጠሉ ከአፈሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሳንሴቬሪያ፣ ብዙ ሰው ስኔክ ፕላንት የሚለው፣ አገሩ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ያለው ምድር ሲሆን፣ ዘመዶቹ በእኛም አገር በቈላው ይበቅላሉ። ይህ ተክል፣ ሌሎች ዕፅዋት በቀን የሚከፍቷቸውን የቅጠል ደቂቅ ቀዳዳዎች በቀኑ ሐሩር ዘግቶ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ይከፍታቸዋል፤ በሌሊት የተቀበለውንም አየር አከማችቶ በማግሥቱ በብርሃን ምግቡ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ውኃው ተንኖ አያልቅበትም። ዜድ ዜድ የሚባለው ዛሚዮኩልካስም ከኬንያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚበቅል፣ ከአፈር በታች በተሰወረው ወፍራም ግንደ ሥሩ ውኃ የሚያከማች ነው። ቅጠለ ቀጭኑ ስፓይደር ፕላንትም እንዲሁ በነጫጭ ወፋፍራም ሥሮቹ ስንቁን ይይዛል። ፖቶስ የተባለው ሐረግ ግን ከነዚህ አፍሪካውያን ተለይቶ፣ የትውልድ ስፍራው በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለችው የሞኦሬያ ደሴት ናት፤ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ግንድ እየተከተለ መውጣትን የለመደ ነውና፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃንና እርጥበት ያለበት ክፍል ባዕድ አይሆንበትም።

እነዚህን አንድ በአንድ ላስተዋለ ሰው አንድ ነገር ግልጥ ይሆንለታል፤ ይኸውም ጥቂት መሻታቸው ምንም ካለመሻት የመጣ ሳይሆን አስቀድሞ ከማከማቸት የመጣ መሆኑ ነው። ድርቅ ያለበትን አገር ወይም ጥቅጥቅ ያለ ጥላን አባቶቻቸው እልፍ ዘመን ታግሠው ኖረውበታልና፣ የክፉውን ቀን ስንቅ በቅጠላቸውና በሥራቸው ይዘው ይወለዳሉ። ስለዚህም በደል ሲደርስባቸው ወዲያው አይታይባቸውም። አዝመራ ውኃ ባጣ በጥቂት ቀን ጠውልጎ ለባለቤቱ ይነግረዋል፤ ሳንሴቬሪያ ግን ሥሩ ከበሰበሰ በኋላ እንኳ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ ሳምንታት ይቈያል፤ ባለቤቱም ደኅና ነው ሲል አንድ ቀን ከሥሩ ተገንጥሎ ያገኘዋል። ሊቃውንታችን የሰው ነፍስ ሦስት ባሕርያት አሏት፣ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ብለው ሲያስተምሩ፣ ማሰብን፣ መናገርንና ሕያውነትን በአንዲት ነፍስ አስተባብረው ማሳየታቸው ነው። ተክሉ ሕይወት አለው፤ አንደበት ግን የለውም፤ እንግዲህ ማሰቡም መናገሩም በእኛ በኩል ሊሟላለት ይገባል ማለት ነው። ብዙ የሚጠይቀውን ፍጡር ለመጠበቅ ትጋት ይበቃል፤ ዝም የሚለውን ለመጠበቅ ግን ትጋት ብቻውን አይበቃም፣ ማስተዋል ያስፈልጋል። በየቤታችን «ለእኔ አታስቡ፣ ምንም አልጐደለብኝም» እያለች የምትኖር አሮጊት እናት እንዳለች ሁሉ፣ ጥቂት የሚሻ ሁሉ የሚዘነጋው በጥቂት መሻቱ ምክንያት ነው፤ ይህም እጅግ የሚያሳዝን የሰው ጠባይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰው ለራሱ ምክንያት አድርጎ ስለሚያቀርበው ጥቅም ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ግን ብዙ አያቈየንም። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ ናሳ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የቤት ተክሎች መርዛማ ትነቶችን ከአየሩ እንደሚቀንሱ ካስታወቀ ወዲህ፣ ተክል የቤት አየር ያጠራል የሚለው ቃል በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ የብዙ ዓመታትን ሙከራዎች አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ግን፣ ሰው በሚኖርበት ቤት በመስኮትና በበር የሚገባው ነፋስ የሚሠራውን ሥራ በተክል ለመሥራት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሳየ። እንግዲህ በመታጠቢያ ቤት ያለችው አንዲት ተክል አየራችንን አታጠራም። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ኅዘን ይሆንበት ይሆናል፤ እኔ ግን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የጥቅሙ ምክንያት በተነሣ ጊዜ ተክሉ በባሕርዩ ብቻ፣ ፍጡር እንደ መሆኑ ብቻ በፊታችን ይቆማልና።

በዚህች ክፍል ሌላ ጥንታዊ ጥያቄም ይነሣል፤ እርሱም የብርሃን ጥያቄ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ሥርዓት ብርሃን በእሑድ፣ ዕፅዋት በማክሰኞ፣ ፀሐይና ጨረቃ ግን በረቡዕ ተፈጠሩ፤ ስለዚህ የምድር ልምላሜ ፀሐይን ሳያይ አንድ ቀን ኖሯል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ዕለታት በሰበካቸው ዘጠኝ ስብከቶች ውስጥ ይህን ነገር ሲመረምር፣ ዕፅዋት ከፀሐይ መቅደማቸው ፀሐይን የሕይወት መገኛ አድርገው ለሚያመልኩት ሰዎች ተግሣጽ እንደ ሆነ ያስተምራል። ከብዙ ዘመን በኋላ ያን ኢንግንሃውስ የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አረንጓዴ ቅጠል መልካሙን አየር የሚሰጠው በብርሃን ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን እንደ እንስሳ አየሩን እንደሚያከፋ አስረዳ። ሁለቱ የሚጣሉ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ኤጲስ ቆጶሱ ባስልዮስ ሕይወትን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ ሐኪሙ በምን መሣሪያ እንደሚሰጥ የተናገሩ ይመስለኛል፤ ሰጪውን የሚያውቅ ሰው መሣሪያውን ቢንቅ ደግሞ ስጦታውን ማቃለሉ ነው።

መሣሪያውን መናቅ ማለትም በተግባር ይህ ነው፤ ተክሉ «ጥላ ይችላል» ስለ ተባለ መስኮት በሌለው ክፍል ዘግቶ መተው። ጥላን መቻል ሞትን ማዘግየት እንጂ ያለ ብርሃን መኖር አይደለም። የገዛ ዓይናችንም በዚህ ነገር ያታልለናል፤ የዓይናችን ብሌን በደብዛዛ ስፍራ ስለሚሰፋ ክፍሉ በቂ ብርሃን ያለው ይመስለናል፤ ጠራ ባለ ቀን በቀትር ከቤት ውጭ ያለው ብርሃን ግን ወደ 100,000 ሉክስ ሲደርስ፣ በኮንዶሚኒየም ቤቶች እንደምናየው ከፍ ብላ የተሠራች አንዲት ትንሽ መስኮት ባላት መታጠቢያ ቤት 100 እንኳ ላይሞላ ይችላል። መስኮት ከሌለ ሁለት ተክል ይዞ፣ አንዱ በመታጠቢያ ቤት ሲሰነብት ሌላውን ብርሃን በሚገባበት ክፍል አኑሮ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ማፈራረቅ ይገባል። በድንገት ወደ ጠራራ ፀሐይ ማውጣት ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ከነዚህ ነገሮች ሁሉ በላይ ልቤን የያዘው የዮናስ ቅል ነገር ነው። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀን በቤተ ክርስቲያናችን በሚነበበው በዚያ አጭር መጽሐፍ ፍጻሜ፣ ነቢዩ ከከተማዪቱ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ የነነዌን ጥፋት ሲጠባበቅ፣ እግዚአብሔር በላዩ ቅል ያበቅልለታል፤ ነቢዩም በጥላዋ እጅግ ይደሰታል፤ በማግሥቱ ትል መትቷት በደረቀች ጊዜ ግን እስከ ሞት ድረስ ያዝናል። የተመለሰለት ቃል ድካም ስላልደከመባትና ስላላሳደጋት፣ በአንድ ሌሊት በቅላ በአንድ ሌሊት ስለጠፋች ቅል ማዘኑን የሚያስታውስ፣ ከዚያም ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሳት ስላሉባት ከተማ የሚጠይቅ ነው። ይህን ቃል ብዙ ሰው ነቢዩን ስለ ቅል በማዘኑ እንደሚገሥጽ አድርጎ ይረዳዋል። እኔ ግን ባነበብሁት ቍጥር ርኅራኄው ተነቅፎ አላየሁም። እግዚአብሔር የነቢዩን ትንሽ ኀዘን አልናቀባትም፤ ይልቁንም ለነነዌ የሚሆን ርኅራኄ ከሌላ ከየትም ሳይሆን ከዚያች ከቅሏ ኀዘን እንዲጀምር፣ በጠባቡ በር ገብቶ ወደ ሰፊው እንዲደርስ ፈለገ። የዮናስ ጕድለት ቅልን መውደዱ ሳይሆን ፍቅሩ በቅሏ ላይ ማብቃቱ፣ ቅሏንም ለጥላዋ ብሎ መውደዱ ነው። በመታጠቢያ ቤታችን ያለችው ተክል ጥላ የላትም፤ ስለ እርስዋ የምናዝን እንደ ሆነ ኀዘኑ ከጥቅም የነጻ ነው፤ ስለዚህም ከነቢዩ ይልቅ እኛ የተሻለ መጀመሪያ ተሰጥቶናል ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ወደ ዕዳው እንመለስ። መጽሐፈ ኩፋሌ የሦስተኛውን ቀን ፍጥረታት ሲቈጥር ከባሕሮቹና ከወንዞቹ ቀጥሎ የምድርን ጠል፣ ከጠሉም ቀጥሎ ዘሩንና የሚበቅለውን ሁሉ ይጠራል፤ እንግዲህ ተክልና የሚያረሰርሰው ጠል በአንድ ቀን የተፈጠሩ መንትዮች ናቸው። ተክሉን ወደ ቤት ያስገባ ሰው እነዚህን ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ ለለያቸውም ሰው የጠሉን ሥራ መሥራት ግዴታ ሆኖበታል። ሌላ ክፍል ሳይሆን መታጠቢያ ቤትን የመረጥሁትም ስለዚህ ነው፤ የሙቅ ውኃው እንፋሎት በግድግዳውና በቅጠሉ ላይ ሲያርፍ፣ የተለየው መንትያ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ይመለሳል። ለጥቂት ጊዜ ያልሁት አውቄ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከመታጠብ በኋላ በሩና መስኮቱ በተከፈተ ጊዜ እንፋሎቱ ፈጥኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ እርጥበት የሚሻውን፣ ፈርን የተባለውን ተክል በዚህ ተስፋ ብቻ የሚያኖር ሰው በታኅሣሥና በጥር ቅጠሉ ዳር ዳሩን ሲደርቅ ያያል፤ ለጀማሪ ሰው አልመክረውም።

ይሁን እንጂ የጠሉን ሥራ መሥራት ማለት ዘወትር ማጠጣት ማለት አይደለም፤ ብዙ ቸር ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት 20 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው አባ ዮሐንስ ሐጺር በአስቄጥስ በረሃ መምህሩ በተከለው ደረቅ እንጨት ላይ፣ ከሩቅ ስፍራ እየቀዳ፣ ሦስት ዓመት ውኃ እንዳፈሰሰና እንጨቱም ለምልሞ እንዳፈራ ይተረካል፤ ፍሬውንም መምህሩ የመታዘዝ ፍሬ ብሎ ለመነኰሳቱ ሰጠው። በዚያ ትምህርት የሚጠጣው እንጨቱ ቢሆንም የሚበቅለው የሚያጠጣው ሰው ነበር። በእኛ ክፍል ያለው ተክል ግን እንደዚያ በየቀኑ ቢጠጣ ይሞታል። ሥር እንደ ቅጠል ሁሉ ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ በውኃ ከተሞላ፣ የሚተነፍሰው አየር በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በነፋስ ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል እየዘገየ ስለሆነ፣ ሥሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሥሩ ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ፣ ምንም ቢያምር፣ አይገባም፤ የቀለም ቆርቆሮ እንኳ ቢሆን ሥሩ ይበሳ። ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ሆኖ ካልተገኘ ማጠጣት አይገባም፤ ሳንሴቬሪያና ዜድ ዜድ በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደመናው ብርሃኑን በሚቀንስበትና አፈሩ በማይደርቅበት ወራት ከወር እስከ ወር ቢቈዩ ደስ ይላቸዋል። አባ ዮሐንስ በማፍሰስ የተማረውን መታዘዝ እኛ እጃችንን በመሰብሰብ እንማረዋለን፤ ሁለቱም የገዛ ፈቃድን መተው ናቸው፤ የኋለኛው ደግሞ ለሰው ልብ ይከብዳል፤ ቸርነት መስሎ የሚታየውን ሥራ ስለ ሌላው ባሕርይ ሲባል መከልከልን ይጠይቃልና።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ተቃውሞ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ፣ ጎረቤት ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ በሚወጣበት ሕንፃ፣ ለማይበላ ቅጠል ውኃ ማፍሰስ ተገቢ ነውን? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በሥርዓት ሊሰጥ ይገባል። ሙቁ ውኃ እስኪደርስ ድረስ ከሻወሩ በከንቱ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ መቀበል፣ ለብ ሲልም ከዚያ በጣሳ ለተክሉ መስጠት፣ የቀረውን ለመጸዳጃው ማፍሰሻ ማቈየት፤ ይህ ከማንም ጕሮሮ አይወስድም። ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ውኃ ግን ለተክል አይሆንም፤ ክፍሉም በበረኪና በሚታጠብበት ቀን ተክሉን ማውጣት ይገባል። ደግሞም ፖቶስና ዜድ ዜድ፣ ሳንሴቬሪያም፣ ሲታኘኩ አፍን የሚያቃጥሉና ሆድን የሚያውኩ ናቸውና፣ ሕፃን ወይም ድመት በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጡ፤ ቅጠልን ጠብቆ ሕፃንን መዘንጋት የዮናስን ስሕተት መድገም ነው።

ስለ ስፍራውም የሚሰቀቁ አሉ፤ እድፍ የሚወገድበት ክፍል ለለምለም ነገር አይገባም፣ ቀጤማ የሚጎዘጎዘው በእልፍኝና በበዓል ነው ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች በጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራውን መዋኛ ዙሪያውን ቢመለከቱት መልካም ነበር። በዚያ፣ በጥምቀት ቀን ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ በሚገባበት ስፍራ፣ የታላላቅ ዛፎች ሥር የድንጋዩን ቅጥር አቅፎና ጨብጦ ቅጥሩና ሥሩ የማይለዩ ሆነዋል፤ ይህም ስፍራውን አላቃለለውም። ሰው እድፉን የሚያስወግድበት ስፍራ ሰው ከንጽሕናው ጋራ የሚገናኝበት ስፍራም ነው፤ በየማለዳው ልብሱን አውልቆ፣ ማዕረጉንና ሹመቱን ከበሩ ውጭ ትቶ በሚገባበት በዚያ ክፍል፣ ምንም የማይለብስና ምንም የማይሾም ሌላ ፍጡር አብሮት ቢኖር፣ ማን ተዋረደ ይባላል?

የተጠበቀ ተክል ይበዛል፤ ሲበዛም ከማሰሮው ይጠብበዋልና መከፈል አለበት። ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነውን ሳንሴቬሪያ ለወዳጃቸው ሊሰጡ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች አንድ ቅጠል ቈርጠው በአፈር ይተክሉለታል፤ ቅጠሉ ሥር ያወጣል፣ አዲስ ቡቃያም ይሰጣል፤ ቡቃያው ግን ቢጫውን ጥለት አጥቶ ሁለመናው አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ጥለቱ የሚተላለፈው ከግንደ ሥሩ በሚወጣው ቡቃያ እንጂ ከቅጠሉ ብቻ በሚገኘው አይደለምና። ስለዚህ አየሩ በሚሞቅበት ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ተክሉን ከነአፈሩ አውጥቶ፣ ግንደ ሥሩን ንጹሕ በሆነ ቢላዋ ከፍሎ፣ የተቈረጠው ስፍራ እስኪደርቅ ሁለት ቀን አቈይቶ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከነሥሩ በየማሰሮው መትከል ነው። ለጎረቤት የሚሰጠው ከነሥሩ ይሰጥ፤ ሲሰጥም ይህ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም ተብሎ ብቻ አይሰጥ፤ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ተጠይቆ፣ በክረምት አብዝቶ እንዳያጠጣው ተነግሮ፣ ከወር በኋላም እንዴት እንደ ሆነ ለማየት ደጁ ይንኳኳ።